ልብሷን የቀየረች መኪና

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መልስ፣ በዚህ የመንገድ መጨናነቅ፣ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ሊብሬያችሁን ቁጭ ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ከመሳቢያ ማውጣቱን አይደለም የምለው። መስመር በመስመር ማንበብ። የባለቤት ስም አለ። ቀለም አለ። የሞተር ቁጥር አለ። የሻንሲ ቁጥር አለ። መኪናው ሲሸጥ ስሙ ይቀየራል። ቀለሙም ይቀየራል። ሞተሩ ከነከሰ እሱም ይቀየራል። የሻንሲው ቁጥር ግን አይነካም። ከፋብሪካ የወጣበት ቁጥር እስከ መጨረሻው አብሮት ይኖራል።

ዛሬ የማወራችሁ የአንድ ሻንሲ ቁጥር ታሪክ ነው። ቁጥሩ 41111 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሞልሳይም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቡጋቲ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ሻንሲ ነው። ይህ ሻንሲ እ.ኤ.አ. በ1932 በዓለም ላይ አቻ የሌላት አንዲት ክፍት መኪና ተሸክሞ ወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ዛሬም ሻንሲው አለ። መኪናዋ ግን የለችም። ወይም አለች፤ ሌላ ልብስ ለብሳ። ወይም ደግሞ ሁለት ሆናለች። ማታችንን የምናሳልፈው ይህን በመፍታት ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ዛሬ መኪና ስንገዛ ሙሉ መኪና ነው የምንገዛው። ከ1940 በፊት ሀብታም ሰው መኪና የሚገዛው እንደዚያ አልነበረም። ከፋብሪካው የሚገዛው ሻንሲ፣ ሞተር፣ ማርሽ፣ መሪ፣ ራዲያተርና ጎማ ነው። በቃ። የሚቀመጥበት ወንበር እንኳን የለውም። ያንን አጽም ይዞ ወደ ቦዲ ሠሪ ይሄዳል። ቦዲ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ አያቶቻቸው ለመሳፍንት የፈረስ ሠረገላ ይሠሩ የነበሩ ቤቶች ናቸው። ስንት ሰው እንድትይዝ ነው የምትፈልገው? ጣሪያ ይኑራት ወይስ ክፍት ትሁን? ሹፌር አለህ ወይስ ራስህ ትነዳለህ? እንዲህ እየተባለ ልኩ ይለካል። ልክ ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅ ይዞ እንደመሄድ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አይሱዙ ቅጥቅጥ ተሳፍሮ የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ያ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የጭነት ነበር። ሻንሲው ላይ የአውቶቡስ ቦዲ የቀጠቀጡለት የራሳችን ባለሙያዎች ናቸው። ሥራው አንድ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡና የሚሰጠው ጊዜ ነው።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የላሜራ ቤት ነበረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነበሩ። የተጨማደደ ፓራፋንጎ ይመጣላቸዋል። አሸዋ የሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ያስቀምጡትና በእንጨት መዶሻ ይጀምሩታል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በኃይል አይመቱም። ጥቂት ከመቱ በኋላ መዶሻውን ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ላሜራውን ይደባብሱታል። ዓይን የማያየውን ጉብታ መዳፋቸው ያገኘዋል። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ፓራፋንጎ ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬም ድረስ የሚያምር መኪና ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእሳቸው መዳፍ ነው። ዛሬ የማወራላችሁም መኪና የተሠራችው በእንደዚህ ያሉ እጆች ነው። የእንጨት አጽም ይሠራል፤ ላሜራው በመዶሻ ተቀጥቅጦ በላዩ ይለበጣል። ሁለተኛ እሷን የምትመስል እንድትሠራ የሚያስችል ማሽን አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ሞልሳይም እንሂድ።

ኤቶሬ ቡጋቲ በ1881 ሚላኖ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ዝነኛ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። ወንድሙ ሬምብራንት ቡጋቲ ደግሞ የእንስሳት ሐውልት የሚቀርጽ ድንቅ አርቲስት ነበር። ኤቶሬ በ1909 ሞልሳይም ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። ትናንሽና ቀላል የውድድር መኪኖች እየሠራ ስሙን ተከለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ተመኘ። ለነገሥታት የሚሆን መኪና ልሥራ አለ። ስሟንም ሮያል አሏት። የሞዴል ቁጥሯ 41 ነው።

ስለ ትልቅነቷ ስናገር ልብ በሉ። የሞተሩ መጠን ወደ 12.8 ሊትር ይጠጋል። ስምንት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። 1.3 ሊትር ሞተር ካላት ቪትዝ ጋር ብታወዳድሩት፣ የአሥር ቪትዝ ሞተር በአንድ ኮፈን ሥር እንደማስገባት ነው። ሞተሩ ብቻ 1.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል። መኪናዋ ስድስት ሜትር ተኩል ልትሞላ ትንሽ ነው የሚቀራት። ክብደቷ ከሦስት ቶን በላይ ነው። ማርሹ ሦስት ብቻ ነው፤ የተቀመጠውም ኋላ ነው። አንደኛው ለመነሻ፣ ሁለተኛው ለዕለት ጉዞ፣ ሦስተኛው መንገዱ ጭር ሲል ለመብረር። ራዲያተሯ አናት ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ዝሆን አለ። የቀረጸው ሬምብራንት ነው። ሬምብራንት በ1916 በራሱ እጅ ሞቷል። ኤቶሬ የወንድሙን ሥራ የመኪኖቹ ሁሉ ቁንጮ ላይ አስቀመጠለት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ኤቶሬ 25 ሮያሎች ልሥራ ብሎ ነበር። የሻንሲው ዋጋ ብቻ፣ ያለ ቦዲ፣ 30,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ የ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። የስፔኑ ንጉሥ ይገዛል ሲባል በ1931 ዙፋኑን ለቆ ተሰደደ። የአልባኒያው ንጉሥ ጠይቆ፣ ኤቶሬ የንጉሡን የአበላል ሥርዓት አይቶ አልሸጥም አለ የሚል ወሬም አለ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ወሬው ራሱ ስለ ኤቶሬ የሚናገረው አለ። በመጨረሻ አንድም ንጉሥ አልገዛም። ተሠርተው ዛሬ ድረስ የቆዩት ስድስት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለደንበኛ የተሸጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። የተረፉት ትላልቅ ሞተሮች ሥራ ፈተው እንዳይቀሩ በፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ ላይ በሚሮጡ ባለ ሞተር ባቡሮች ውስጥ ገቡ። ፋብሪካውን በእነዚያ ክፉ ዓመታት ያቆዩት ባቡሮቹ ናቸው።

ከሦስቱ ገዢዎች የመጀመሪያው አርማን ኤስደር ይባላል። ፈረንሳዊ ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? ልብስ ነው። የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ለብዙ ሰው ልብስ እያመረተ የከበረ ሰው፣ ለራሱ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ፣ በልኩ የተሰፋ መኪና አዘዘ።

ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍት መኪና ነው ያዘዘው። ይህን ዓይነቱን ፈረንጆች ሮድስተር ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ሮድስተር ትንሽ፣ ቀላል፣ ወጣት የሚነዳት መኪና ናት። ከስድስት ሜትር በላይ በሚረዝም የነገሥታት ሻንሲ ላይ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ሮድስተር ሥሩልኝ ማለት ባለ አሥር ክፍል ቤት ሠርቶ በረንዳው ላይ ብቻ እንደመቀመጥ ነው። ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አዘዘ። የፊት መብራት አልፈልግም አለ። ምክንያቱ አጭር ነው። ማታ አልነዳም።

ሥራው የተሰጠው ለኤቶሬ የበኩር ልጅ ለዣን ቡጋቲ ነው። ዣን በጥር 1909 የተወለደ ነው። መኪናዋ በሚያዝያ 1932 ለኤስደር ስትደርስ ገና 23 ዓመቱ ነበር። በ23 ዓመቱ!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን የያዘኝ ይሄ ቦታ ነውና።

የ1930ዎቹን መኪኖች ፊት አስታውሱ። ራዲያተሩ መሃል ይቆማል። በግራና በቀኙ ሁለት ትላልቅ መብራቶች አሉ። ድስት ድስት የሚያካክሉ፣ በብረት እግር የቆሙ። ፓራፋንጎው ከፊት ጎማ ላይ ተነስቶ ሲወርድ ዓይናችሁ መከተል ይጀምራል፤ ወዲያው ግን መብራቱ ያቋርጠዋል። የዚያ ዘመን ዲዛይነሮች ሁሉ ከዚህ መብራት ጋር ሲታገሉ ነው የኖሩት። የት ይደበቅ? እንዴት ይነስ? ዣን ግን መብራት የማይፈልግ ደንበኛ አገኘ። እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይደርሰዋል?

ዕድሉንም አላባከነውም። ከፊት ጎማው ላይ የተነሳው መስመር ምንም ሳያቋርጠው ይወርዳል፤ በመርገጫው በኩል ያልፍና ደግሞ በኋላ ጎማው ላይ ይነሳል። አንድ ማዕበል ነው። ኮፈኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። ሁለቱ ወንበሮች ከዚያ ኋላ ናቸው። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ለተጨማሪ እንግዳ መቀመጫ የሚሆን ቦታ አለ። ከፊት ስትታይ ዓይን የላትም። ራዲያተሩ፣ ዝሆኑ፣ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች፤ መሃላቸው አየር ብቻ። የኤስደር ሮድስተር ተብላ ተጠራች። በእኔ ግምት ከስድስቱም ሮያሎች ያማረችው እሷ ነበረች። ዛሬ ካሉት አንዷም አትደርስባትም።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ይህቺን መኪና ማን ይገዛል? ኤስደር ሲሰለቻት ለማን ይሸጣታል? ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው። ማታ አትነዳም። ነዳጅ እንደ ጉድ ትጠጣለች። በአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ሌላው ሰው ላይ ሲገባ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

የሆነውም ያ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ መኪናዋን ፓትኖትር የሚባል ፈረንሳዊ ፖለቲከኛ ገዛት። የፖለቲካ ሰው ነውና ሹፌር አለው፤ ማታም ግብዣ ይሄዳል። መኪናዋን ወደ ፓሪስ፣ ወደ ቦዲ ሠሪው አንሪ ቢንደር ወሰዳት። የዣን ቦዲ ወለቀ። በምትኩ ከባድና ባለ ግርማ ቦዲ ተሠራላት። ሹፌሩ ከፊት ለብቻው፣ ባለቤቱ ከኋላ በተዘጋ ክፍል። የፊት መብራትም ተገጠመላት። ስሟም ተቀየረ፤ የቢንደር ኩፔ ደ ቪል ሆነች። የሮድስተሯ ቦዲ ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

ዕድሜዋን ቁጠሩት። ያ ቦዲ የኖረው ሰባት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። እነዚያ ሁሉ የመዶሻ ቀኖች ለሰባት ዓመት።

ዣንም ብዙ አልቆየም። ነሐሴ 11 ቀን 1939 ማታ፣ ሞልሳይም አቅራቢያ፣ በዚያው ዓመት ለ ማን በሚባለው የመኪና ውድድር ላይ ያሸነፈችውን መኪና ሲሞክር አንድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው መንገዱ ላይ ገባበት። ሰውየውን ላለመግጨት ሲያጥፍ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። 30 ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አባቱ ኤቶሬ በ1947 አረፈ። ሥራውን የሚረከበው ልጅ ቀድሞት ሄዶ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎች መኪና ይወርሱ ነበርና ሮያሎቹ ተደበቁ። የቡጋቲ ቤተሰብ ሳይሸጡ የቀሩትን ኤርመኖንቪል በሚገኘው ይዞታቸው ግድግዳ ሠርተው ከኋላው ሸሸጓቸው። የእኛዋ 41111 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ከመሬት በታች፣ በቆሻሻ ውኃ መውረጃ ዋሻዎች ውስጥ እንደቆየች ይነገራል። ለንጉሥ የታሰበች መኪና በዚያ ጨለማ ውስጥ!

ከዚያ በኋላ ያለው የባለቤትነት ታሪኳ እንደ ሊብሬ ገጽ ነው፤ ስም በስም ላይ ይደራረባል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። በ1954 ደድሊ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ገዛት። እሱ በ1961 ሲሞት ለአትላንታው ባንከር ለሚልስ ሌን ደረሰች። በ1964 ደግሞ ቢል ሃራ በ45,000 ዶላር ገዛት። ለዚያ ጊዜ ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል መክፈል ሰውን ያስደነግጥ ነበር።

ስለ ሃራ ጥቂት ልበል። ኔቫዳ ውስጥ የቁማር ቤትና ሆቴል ባለቤት ነበር። ሬኖ ከተማ ውስጥ ወደ 1,400 የሚሆኑ መኪኖች ሰብስቧል። ግን እንዲሁ የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። አንድ መኪና ስትታደስ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረች ካልሆነች አያርፍም። ብሎኗ፣ ስፌቷ፣ ቀለሟ ሁሉ በሰነድ ይረጋገጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው 41111ን ሲይዝ የቢንደርን ቦዲ አላወለቀም። ሮድስተር ላድርጋት አላለም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሃራ በ1978 ሞተ። ስብስቡ ለሆቴል ኩባንያ ተላለፈ፤ አብዛኛውም በጨረታ ተበተነ። በ1986 መኪናዋን ጄኔራል ዊልያም ላየን ገዛት። የአሜሪካ አየር ኃይል ተጠባባቂ ጄኔራል ነበር፤ ሥራው ደግሞ ቤት ሠርቶ መሸጥ። እሱም አሥር ዓመት ይዟት በ1996 ለሽያጭ አቀረባት። 11 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጠው አይሆንም አለ። የሚፈልገው 15 ሚሊዮን ነበር። ልክ ነበር ማለት ይቻላል። ቮልስቫገን በ1998 የቡጋቲን ስም ገዝቶ ስለነበር በ1999 መኪናዋን ወሰዳት። የተከፈለው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬም የቮልስቫገን ናት። በየሙዚየሙና በየትርዒቱ እየዞረች ትታያለች።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት እህቷ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሁለተኛው ደንበኛ ጆሴፍ ፉክስ የሚባል ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም ነበር። መኪናውን ሙኒክ ውስጥ ቦዲ አሠራላት። ከዚያ ጀርመንን ጥሎ ወጣ። ሻንጋይ፣ በመጨረሻም ኒውዮርክ። ያቺ ሦስት ቶን የምትመዝን መኪና በመርከብ ተከተለችው። ኒውዮርክ ላይ ግን አንድ ክረምት ውስጧ ያለው ውኃ በረዶ ሆነና ሞተሩ ተሰነጠቀ። ብሮንክስ ውስጥ ቁራሌ ግቢ ገባች። በ1943 ቻርልስ ቼይን የተባለ የቢዊክ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ከብረታ ብረቱ መሃል አግኝቷት በጥቂት መቶ ዶላር ገዛት። በጦርነት ጊዜ ቁራሌ ብረት ይቀልጥ ነበር፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ስድስት የምንለው አምስት በሆነ ነበር። ዛሬ ሚሺጋን ውስጥ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ትገኛለች። የመኪና ታሪክ ስታነቡ ዋጋውን ብቻ አትዩ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ስደተኛ ከአገሩ ይዟት የወጣ ንብረቱ ነበረች።

አሁን ወደ ሮድስተሯ ልመለስ። ቦዲዋ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ የጨርቅ ሰዎች ወደ ታሪኳ ገቡ።

ሃንስና ፍሪትስ ሽሉምፕፍ ወንድማማቾች ናቸው። በፈረንሳይ አልዛስ ክልል የሱፍ ፋብሪካዎች ነበሯቸው። ሞልሳይምም ያለችው እዚያው ክልል ነው። ፍሪትስ ለቡጋቲ የነበረው ፍቅር ልክ አልነበረውም። ሙልሃውስ ከተማ ውስጥ በአንድ የፋብሪካ ሕንፃ መኪኖችን በድብቅ ሰበሰበ። ከስድስቱ ሮያሎች ሁለቱን አገኘ። ከ400 በላይ መኪኖች ሰብስቦ ሕዝብ እንዳያይ በሩን ዘጋ። ሠራተኞቹ ግን ኑሯቸው በክሮቹ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሲወድቅ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ወንድማማቾቹ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። በመጋቢት 1977 ሠራተኞቹ በሩን ከፍተው ገቡ። ሥራቸው የተዘጋባቸው ሰዎች መብራቱን ሲያበሩ ያዩትን አስቡት። በረድፍ በረድፍ የተወለወሉ መኪኖች። የእነሱ ላብ ነው እዚያ የተደረደረው። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቦታውን ይዘው ቆዩ፤ ስብስቡን ግን አላጠፉትም። ይህን ሳነብ ለእነዚያ ሠራተኞች ትልቅ አክብሮት አደረብኝ። ዛሬ ያንን ሀብት ሁላችንም ማየት የቻልነው በእነሱ ምክንያት ነው። ቦታው በ1982 ለሕዝብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ፍሪትስ ከሰበሰባቸው ነገሮች መሃል የቡጋቲ ፋብሪካ እውነተኛ መለዋወጫዎች ነበሩ። የጠፋችውን የኤስደርን ሮድስተር መልሶ መሥራት ሕልሙ ነበር። እሱ ሳይጨርሰው ቀረ። በኋላ ግን ተፈጸመ። መለዋወጫዎቹን ይዘው፣ ፎቶግራፎቹን እያዩ፣ ባለሙያዎች ያንን ማዕበል እንደገና ቀጠቀጡት።

አይቻታለሁ። ሙልሃውስ የሄድኩት ለእሷ ብዬ ነው። ወደ ሙዚየሙ ትልቅ አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት መኪና አይደለም፤ ፋኖስ ነው። ፍሪትስ ፓሪስ ውስጥ በአሌክሳንደር ሦስተኛ ድልድይ ላይ ያሉትን የመንገድ መብራቶች አስመስሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሠርቶ በመኪኖቹ መካከል ተክሏቸዋል። ያንን ሁሉ ፋኖስ አልፌ እሷ ጋ ደረስኩ። አረንጓዴ ናት፤ ደማቅና ፈዛዛ በሁለት ዓይነት። በፎቶ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ግን ፎቶ አያሳይም። ከፊቷ ስቆም ዓይኔ የለመደውን መብራት ፈለገና አጣው። ከዚያ መስመሩን መከተል ጀመርኩ። ወደ ጎን እየተራመድኩ፣ ከፊት ጎማ ተነስቼ የኋላ ጎማ ጋ እስክደርስ ዓይኔ የሚሰናከልበት አንድም ቦታ አላገኘም። መንካት ክልክል ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። መዳፌ ግን የሰፈሬን ሽማግሌ አስታወሰ።

ከዚያ ነው ጥያቄው የመጣው። ይህቺ ማናት?

መስመሯ የዣን ነው። ብረቷ ከቡጋቲ መለዋወጫ ነው። ሙዚየሙም ቅጂ መሆኗን አይደብቅም። ግን የሻንሲ ቁጥሯ 41111 አይደለም። ኤስደር አልተቀመጠባትም። 41111 ሌላ ቦታ ነው፤ የቢንደርን ልብስ ለብሶ፣ መብራት ተገጥሞለት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚለው አንድ ነገር አለ። ታዲያ ለምን አያገናኟቸውም? የቢንደርን ቦዲ አውልቀው የሮድስተሯን ለምን አያለብሱትም? ገንዘቡ አለ፤ ባለሙያው አለ፤ ልኩ አለ። በአሮጌ መኪና ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል። ባለ አራት በር የነበረች ምስኪን መኪና ቦዲዋ ተቆርጦ ፏ ያለች ሮድስተር ሆና ጨረታ ላይ ትወጣለች። ሮድስተር ዋጋ ያወጣላ።

እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የቢንደርን ቦዲ ከሮድስተሯ ጋር አወዳድሬ አይደለም። ሮድስተሯን እንደምወዳት ነግሬያችኋለሁ። ነገር ግን ያ ቦዲ ጦርነቱን ያለፈው ከዚህ ሻንሲ ጋር ነው። ውቅያኖሱን ያቋረጠው ከዚህ ሻንሲ ጋር ነው። ዊልሰን፣ ሌን፣ ሃራ፣ ላየን፣ ሁሉም የገዙት ይህንን ነው። የፓሪስ ባለሙያዎች መዶሻም እዚያ ላሜራ ላይ አለ። እሱን ማውለቅ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተደረገውን ጥፋት ደግሞ መድገም ነው። አንድ ጊዜ አንድ የእጅ ሥራ ጠፋ። ሁለተኛውን ለምን እናጥፋ? ሃራ፣ ያ ብሎን የሚቆጥረው ሰው፣ ቦዲውን ያልነካው ለዚህ ይመስለኛል። በእሱ እጅ የገባችው መኪና እሷ ናት፤ የሄደችው ሄዳለች።

የሙልሃውሷም ቅጂ ናት ተብላ ትኑር። ቅጂነቷ አያሳንሳትም። እንዲያውም እሷ ባትኖር ኖሮ እኔ ያንን መስመር በዓይኔ አልከተለውም ነበር። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነበር የማውቃት።

ባለፈው ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የኤስደርን ዘመን ፎቶ ከፍቼ ብዙ ቆየሁ። ዣን ከሌሎቹ ሮያሎች አንዷ አጠገብ የቆመበትን ፎቶ ደግሞ ጎኑ አደረግኩት። መኪናዋ ከቁመቱ ጋር ልትተካከል ትንሽ ነው የቀራት። ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ኩራት አለ። እሱ የሣላት ሮድስተር ሰባት ዓመት፣ እሱ ራሱ ሰባት ዓመት ብቻ እንደቀራቸው አያውቅም።

የቢንደር ልብስ ግን ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም እዚያው ላይ ነው። ኮፈኑ ሲነሳ፣ በዚያ ሁሉ ላሜራ ሥር፣ በ1932 ኤስደር የተረከበው ያው ሞተርና ያው ሻንሲ አለ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እሰማለሁ።